ካውንቲያችሁ ከአይስ ጋር ምን ውል አለው?

ሰላም ለሁላችሁ፣ እንደምን ሰነበታችሁ።

ሰሞኑን እዚህ ስለ አይስ፣ ማለትም ሰው ይዞ ከሀገር ስለሚያስወጣው የፌዴራል የኢሚግሬሽን መስሪያ ቤት፣ የተነሳውን ክርክር ከላይ እስከ ታች አነበብኩት። ከስፕሪንግፊልድ የጻፉልን እናታችን «ልጄ ኡበር ነው የሚነዳው፤ ትራፊክ ቢያስቆመው ለአይስ አሳልፎ ይሰጠዋል ወይ?» ብለው ጠይቀው ነበር። የሎርተኑ ወንድማችን ደግሞ «ህግ የጣሰ ቢባረር እኛን ምን አገባን? እኛ በዲቪ፣ ተራችንን ጠብቀን ነው የመጣነው» አለ። ከዚያ በኋላ ነገሩ ወደ ስድብ ዞረና የእናታችን ጥያቄ ሳይመለስ ቀረ። እኔን ያስጻፈኝ ይኸው ነው። ጥያቄያቸው መልስ አለው። መልሱ ግን ልጃቸው የት ካውንቲ እንደተያዘ ይለያያል።

ጠበቃ አይደለሁም። በሰሜን ቨርጂኒያና በሜሪላንድ ፍርድ ቤቶች በአማርኛ አስተርጓሚነት እሰራለሁ። ያስተረጎምኩለትን የማንንም ሰው ጉዳይ እዚህ አላወራም። የምጽፈው ማንም ሰው ሊያየው የሚችለውን ህግና አሰራር ነው። ዓመተ ምህረቶቹ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

በቴሌግራም ግሩፖቻችን ቀን ከሌት «አይስ ስካይላይን ገብቷል»፣ «ሲልቨር ስፕሪንግ ባቡር ጣቢያው ጋ ቆመዋል» የሚል መልእክት ይዞራል። አብዛኛው ሳይጣራ ነው የሚላከው። እውነት የሆነውም የሚደርሰን ካለፈ በኋላ ነው። አይስ መንገድ ላይና ስራ ቦታ የሚይዘው ሰው ከ2025 ወዲህ በጣም በርክቷል፤ ይህን ማንም ያያል። ከዚያ በፊት በነበሩት ብዙ ዓመታት ግን ሰው በብዛት አይስ እጅ የሚገባው ከእስር ቤት ነበር። ያ መንገድ ዛሬም አለ። የሚያሰፉትም የሚያጠቡትም ዋይት ሀውስ ያሉት ሰዎች ብቻ አይደሉም። እኛው የምንመርጣቸው ሸሪፍና የካውንቲ ቦርድ ትልቅ እጅ አላቸው።

አሰራሩ እንዲህ ነው። አንድ ሰው ታስሮ እስር ቤት ሲገባ አሻራ ይሰጣል። አሻራው ወደ ኤፍቢአይ ይሄዳል። ኤፍቢአይ ደግሞ የአይስ የበላይ ለሆነው ለሆምላንድ ሴኩሪቲ ያስተላልፈዋል። ይህ የአሻራ ልውውጥ በ2008 ተጀምሮ በ2013 አሜሪካን በሙሉ አዳርሷል። የሜሪላንዱ ሞንጎመሪም ሆነ የቨርጂኒያው ፌርፋክስ ካውንቲ ሊያስቀረው አይችልም። «የኛ ካውንቲ ሳንክችዋሪ ነው፣ ከአይስ ጋር አይተባበርም፣ አይስ አያገኘንም» የሚል ሰው ስሰማ የምጨነቀው ለዚህ ነው። አሻራ ከተነሳ አይስ ያውቃል።

አይስ ሰውየውን ከፈለገው ለእስር ቤቱ አንዲት ወረቀት ይልካል። ዲቴይነር ይሏታል። ሰውየው በዋስ ወይም ፍርዱን ጨርሶ የሚወጣበት ሰዓት ሲደርስ «እስከ 48 ሰዓት ጨምራችሁ ያዙልኝ፣ መጥቼ እወስደዋለሁ» የምትል ናት። ከእሷ ጋር የእስር ማዘዣ ይያያዛል። ማዘዣውን የሚፈርመው ግን የኢሚግሬሽን መኮንን እንጂ ዳኛ አይደለም። የካውንቲዎቹ ጸብ ሁሉ የሚጀምረው ከዚህች ወረቀት ነው። በ2014 ፔንሲልቬኒያን የሚያካትተው የፌዴራል ይግባኝ ፍርድ ቤት ዲቴይነር ጥያቄ ነው፣ እስር ቤቱ እሺ የማለት ግዴታ የለበትም ብሎ ወሰነ። በዚያው ዓመት ኦሪገን ውስጥ አንዲት የፌዴራል ዳኛ፣ አንድ ካውንቲ በዲቴይነር ብቻ ሴትዮዋን አስሮ በማቆየቱ ህገ መንግስታዊ መብቷን ጥሷል አሉ። ከዚያ ወዲህ ብዙ ካውንቲዎች ክስ ፈርተው አሰራራቸውን ቀየሩ።

ፌርፋክስ ከነዚህ አንዱ ነው። ሸሪፏ ስቴሲ ኪንኬይድ በ2018 ከአይስ ጋር የነበረውን ውል አቋረጡ። ዳኛ የፈረመበት ማዘዣ ካልመጣ በቀር ሰው ከመውጫ ሰዓቱ በላይ አይያዝም። በ2021 መጀመሪያ ላይ ደግሞ የካውንቲው ቦርድ «ትረስት ፖሊሲ» ያለውን አጸደቀ። በዚህ መሰረት የካውንቲው ሰራተኛ፣ ፖሊሱም ጭምር፣ ህግ ካላስገደደው በቀር የሰው የመኖሪያ ወረቀት አይጠይቅም፤ ለአይስም መረጃ አይሰጥም። ሞንጎመሪ ውስጥ የካውንቲው ስራ አስፈጻሚ ማርክ ኤልሪች በ2019 ተቀራራቢ ትእዛዝ ፈርመዋል።

ስለዚህ እናቴ፣ ልጅዎ ፌርፋክስ ውስጥ በፍጥነት ቢያስቆሙትና ቲኬት ጽፈው ቢለቁት፣ የካውንቲው ፖሊስ ስለ ወረቀቱ ሊጠይቀው አይገባም። አሻራም አይነሳም። ጠጥቶ ሲነዳ ወይም ተጣልቶ ቢያዝ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ያኔ አሻራው ይሄዳል። ከዚያ በኋላ የሚሆነው በየትኛው እስር ቤት እንደገባ ይወሰናል። ኡበር ነጂ ደግሞ አንድ ካውንቲ ውስጥ አይቀመጥም። ጠዋት ፌርፋክስ፣ ከሰዓት ማናሰስ፣ ማታ ዲሲ ነው።

ፕሪንስ ዊሊያም ላይ ትንሽ ልቆይ። ዉድብሪጅና ማናሰስ ያላችሁ ወገኖቻችን ብዙ ናችሁ፤ የምትኖሩበትን ካውንቲ ታሪክ ብታውቁት እወዳለሁ። በ2007 ክረምት ላይ በኮሪ ስቱዋርት የሚመራው የካውንቲው ቦርድ አንድ ውሳኔ አሳለፈ። ፖሊስ አንድን ሰው በሌላ ጉዳይ ሲያስቆመው፣ ወረቀት የለውም ብሎ የሚጠረጥርበት በቂ ምክንያት ካለው እንዲያጣራ የሚያዝ ነው። በዚያው ዓመት ኦክቶበር ለዚህ ስራ የሚውለው ገንዘብ ሲጸድቅ ህዝቡ ለመናገር ተሰልፎ ስብሰባው እኩለ ሌሊትን አለፈ። የፖሊስ አዛዡ ቻርሊ ዲን ስጋታቸውን ደብቀው አልያዙም። ሰው ፖሊስን መሸሽ ይጀምራል አሉ። መኮንኖቻቸው «በመልክ ለይታችሁ ነው ያቆማችሁት» ተብለው እንዳይከሰሱም በየመኪናው ካሜራ እንዲገባ ጠየቁ። የካሜራው ዋጋ ሲመጣ ቦርዱ ደነገጠ። በ2008 ጸደይ ውሳኔው ተሻሻለና ፖሊስ የሚያጣራው መንገድ ላይ የጠረጠረውን ሳይሆን የታሰረን ሰው ሁሉ እንዲሆን ተደረገ።

እስር ቤቱ ግን ከአይስ ጋር የገባውን ውል ቀጠለ። 287ጂ የሚባለው ውል ነው። ስሙን ያገኘው በ1996 ኢሚግሬሽን ህግ ውስጥ ከገባው አንቀጽ ነው። በዚህ ውል የካውንቲ ሰራተኞች በአይስ ሰልጥነው እስር ቤት ውስጥ የኢሚግሬሽን መኮንን ስራ ይሰራሉ። ሰውን ይጠይቃሉ፣ ሰነድ ያዘጋጃሉ፣ ዲቴይነር ያወጣሉ። መንገድ ላይ የሚሰራበት ዓይነት ውልም አለ፤ እሱ በ2012 ቆሞ በ2025 እንደገና ተመልሷል።

የፕሪንስ ዊሊያም ውል በየጊዜው እየታደሰ ዓመታት ሄደ። በ2019 የካውንቲ ምርጫ የቦርዱ አብላጫ ተለወጠ። በ2020 የእስር ቤቱ ቦርድ ውሉን ሳያድስ ጊዜው አለፈበት። የሻረው የዋሽንግተን ፖለቲከኛ አልነበረም፤ ያኔ ፕሬዚዳንቱ ትራምፕ ናቸው። ፍርድ ቤትም አልሻረው። የካውንቲ ምርጫ ነው የሻረው፤ ያውም ብዙ ሰው ዞር ብሎ የማያየው፣ ፕሬዚዳንት በማይመረጥበት ዓመት የሚደረግ ምርጫ።

በሜሪላንድ በኩል የፍሬድሪክ ካውንቲ ሸሪፍ ቸክ ጄንኪንስ በ2008 ነው ይህን ውል የፈረሙት። በዚያው ዓመት የሆነ ነገር ልንገራችሁ። አንዲት ሴት ከስራ ቦታዋ ጀርባ ተቀምጣ ምሳዋን፣ ሳንድዊች ትበላለች። ሁለት የሸሪፉ ሰዎች መጥተው ጠየቋት፣ ስሟን አጣሩ፣ የኢሚግሬሽን ማዘዣ እንዳለባት ሲያዩ ያዟት። ሁለቱም የ287ጂ ስልጠና አልነበራቸውም። ጉዳዩ ፍርድ ቤት ሄደ። በ2013 አራተኛው የፌዴራል ይግባኝ ፍርድ ቤት፣ የአካባቢ ፖሊስ ከአይስ ስልጣን ወይም መመሪያ ሳይሰጠው በኢሚግሬሽን ጉዳይ ብቻ ሰው መያዝ አይችልም አለ። ይህ ውሳኔ ሜሪላንድን፣ ቨርጂኒያን፣ ዌስት ቨርጂኒያንና ሁለቱን ካሮላይናዎች ይገዛል። ዛሬ እኛን የሚጠብቀን ህግ ከዚያች ሴት ምሳ የመጣ ነው። ሸሪፉ ግን በምርጫ ወንበራቸውን ይዘው ቀጠሉ። በ2022 ያሸነፉት በጠባብ ልዩነት ነው።

የስቴቶቹም ነገር በየምርጫው ይገለበጣል። ቨርጂኒያ ውስጥ ገዢው ግሌን ያንግኪን በፌብሩዋሪ 2025 የስቴቱ ፖሊስና ማረሚያ ቤት 287ጂ እንዲፈርሙ አዘዙ። አቢጌይል ስፓንበርገር በጃኑዋሪ 2026 ስልጣን ሲይዙ ያንን ትእዛዝ በመጀመሪያው ቀን ሻሩት። ሜሪላንድ ውስጥ ውሉን በህግ ለመከልከል በ2025 የተሞከረው አልተሳካም ነበር፤ በ2026 ፌብሩዋሪ ገዢው ዌስ ሙር እገዳውን ፈረሙ። ዲሲ ደግሞ ከሁሉም የከፋ ቦታ ላይ ናት። በ2020 ያወጣችው ጠንካራ ህግ ነበራት። ስቴት ስላልሆነች ግን በኦገስት 2025 ትራምፕ ፖሊሷን ለ30 ቀን በእጃቸው ሲያስገቡ የፖሊስ አዛዧ መኮንኖች ትራፊክ ሲያስቆሙ ለአይስ መረጃ መስጠት እንደሚችሉ የሚገልጽ ትእዛዝ አወጡ። ያን ሰሞን በሞተር ምግብ የሚያደርሱ ልጆች መንገድ ላይ ሲያዙ አይተናል።

አሁን ወደ ሎርተኑ ወንድሜ ልምጣ። ሀሳብህን አልንቀውም። ሰው የገደለ፣ ልጅ የደፈረ ሰው ከእስር ወጥቶ ሰፈርህ እንዲመጣ ማን ይፈልጋል? እኔም አልፈልግም። ፌርፋክስም ቢሆን ዳኛ የፈረመበት ማዘዣ ሲመጣ ያስረክባል። የኔ ጥያቄ ሌላ ነው። «ወረቀት ያለን» የምንለው ሰዎች ምን ያህል እርግጠኞች ነን? ለኢትዮጵያውያን ጊዜያዊ ከለላ፣ ቲፒኤስ የሚባለው፣ በዲሴምበር 2022 ሲሰጥ ስንት ቤት ደስ አለው! በዲሴምበር 2025 መንግስት አቋርጫለሁ አለ፤ ጉዳዩ ፍርድ ቤት ገባ። በህግ የተሰጠውን ፈቃድ ይዞ በሰላም ሲሰራ የነበረ ሰው በአንድ ማስታወቂያ እንቅልፍ አጣ።

ግሪን ካርድም ቢሆን። በ2010 ጠቅላይ ፍርድ ቤት የወሰነው የፓዲላ ጉዳይ አለ። ሰውየው ከሆንዱራስ መጥቶ አሜሪካ ከ40 ዓመት በላይ የኖረ፣ በቬትናም ጦርነት ለአሜሪካ የተዋጋ፣ የጭነት መኪና ሹፌር ነበር። በማሪዋና ክስ ጠበቃው «ብዙ ዓመት ስለኖርክ ስለ ኢሚግሬሽን አታስብ» አለውና ጥፋተኛ ነኝ ብሎ ፈረመ። ያ ፊርማ ለዲፖርት የሚያበቃ ሆኖ ተገኘ። ፍርድ ቤቱም ጠበቃ ይህን አስቀድሞ የመንገር ግዴታ አለበት አለ። ስለዚህ ትንሽ በምትመስል ክስ «ጥፋተኛ ነኝ በልና ቅጣትህን ከፍለህ ውጣ» ስትባል፣ ከመፈረምህ በፊት «ኢሚግሬሽኔን ምን ያደርገዋል?» ብለህ ጠይቅ። በሜክሲኮ ድንበር ለገቡት ደግሞ ከዚህም ይብሳል። በጃኑዋሪ 2025 የወጣው የሌከን ራይሊ ህግ፣ ሳይፈረድባቸው በሱቅ ስርቆት ተከሰው እንኳ ቢሆን የግድ እንዲታሰሩ ያዛል።

ሌላም አለ ወንድሜ። ባለፈው ከቅዳሴ በኋላ አንዲት እህት ነጠላዋን ፊቷ ላይ ሳብ አድርጋ ጠጋ አለችኝ። «911 ብደውል ባሌን ነው እኔን የሚወስዱት?» አለችኝ። ክንዷ ላይ የጣት ምልክት አለ። እሷ ፖሊስን ስትፈራ ማን ነው የሚጠቀመው? የሚመታት ሰው ነው። እንደሷ የወንጀል ተጎጂ የሆነችና ፖሊስን የተባበረች ሴት ዩ ቪዛ የሚባል መብት ሊኖራት ይችላል። ግን መጀመሪያ ስልኩን ማንሳት አለባት። የካውንቲው ፖሊስ ከአይስ ይለይ የምለው ከሁሉ በላይ ለዚህ ነው።

—

መልስ፣ ከጌይተርስበርግ

ጋሼ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የተጻፈው ሁሉ በኛ ቤት የደረሰ ነው። የእህቴ ባል በትንሽ ጸብ ተይዞ ዋስ ተፈቀደለት። ዘመድ አዝማድ ገንዘብ አዋጣና ለቦንድስማኑ፣ በክፍያ ዋስ ለሚሆነው ሰው፣ ከፈልን። ብርድ ስለነበር ጃኬቱን ይዘን እስር ቤቱ በር ላይ ሌሊቱን ቆምን። አልወጣም። ጠዋት ስንጠይቅ «አይስ ወስዶታል» አሉን። የት እንዳለ ለማወቅ ራሱ መከራ አየን። ስሙን በኮምፒውተር ስንፈልግ የለም ይለናል። ሌላው ሰው እንዲህ እንዳይሆን ምን ማድረግ ነበረብን?

—

መልስ፣ ከሎርተን

ጋሼ፣ በአክብሮት ስለመለሱልኝ አመሰግናለሁ። ስለ እህታችን ያሉት ልቤን ነክቶታል። አንድ ነገር ግን አሁንም አልገባኝም። የፌዴራል ህግ ከካውንቲ በላይ ነው እየተባለ ነው የተማርነው። ለዜግነት ፈተናም ያጠናነው ይህንኑ ነው። ታዲያ ካውንቲው የፌዴራል መንግስትን «አላግዝህም» የማለት መብት ከየት አመጣ? ሁሉም እንደ ፍላጎቱ ከሆነ ህግ አለ ይባላል?

—

መልስ፣ ከዉድብሪጅ

ሰላም ጋሼ። እኔ እዚህ ነው የተወለድኩት፣ አማርኛዬ ብዙ ጥሩ አይደለም ይቅርታ። ሸሪፍ እንደሚመረጥ እንኳ አላውቅም ነበር። የ2007ቱን ታሪክ አባቴን ጠየቅኩት፤ «ያኔ ማናሰስ መሄድ ትተን ነበር» አለኝ። እኔ ዜጋ ነኝ። አባቴ ግሪን ካርድ ነው። እኛ ምን ማድረግ እንችላለን? አባቴስ መምረጥ ይችላል?

—

መልስ፣ ከመጀመሪያው ጸሐፊ

የጌይተርስበርጓ እህቴ፣ በጣም አዝናለሁ። ለሌሎቻችሁ የምለው ይህን ነው፦ ዋስ ከመክፈላችሁ በፊት «ዲቴይነር አለበት ወይ?» ብላችሁ እስር ቤቱን ወይም ጠበቃውን ጠይቁ። ካለበትና ዋሱ ከተከፈለ፣ ሰውየው በቀጥታ ለአይስ ሊተላለፍ ይችላል። ቦንድስማን የሚወስደው፣ ብዙ ጊዜ ከዋሱ 10 በመቶ ነው፣ አይመለስም። መክፈሉ ይሻላል ወይስ መቆየቱ የሚለውን የኢሚግሬሽን ጠበቃና የወንጀል ጠበቃው ተነጋግረው ይወስኑ። አንዱ ሌላውን ሳያማክር ሲሰራ ነው የሚበላሸው።

ሰው ሲጠፋባችሁ አይስ የታሳሪ መፈለጊያ ድረ ገጽ አለው። በስም አትፈልጉ። የኛ ስም በየወረቀቱ ላይ ሌላ ሌላ ሆኖ ነው የሚጻፍ፤ የአባትም የአያትም ስም ቦታ ይለዋወጣል። በኤ-ነምበር፣ ማለትም በኢሚግሬሽን ፋይል ቁጥሩ፣ እና በትውልድ ሀገር ፈልጉ። ስለዚህ የቤተሰቡን ሁሉ ኤ-ነምበር ዛሬውኑ ወረቀት ላይ ጽፋችሁ እቤት አስቀምጡ። ስልኩ ውስጥ ብቻ ካለ ስልኩም አብሮት ይወሰዳል። ከኛ አካባቢ የሚያዝ ሰው መጀመሪያ ቻንቲሊ ወይም ባልቲሞር ባለው የአይስ ቢሮ ያልፋል። ቨርጂኒያ ውስጥ ፋርምቪልና ካሮላይን የሚባሉ ማቆያዎች አሉ። ሜሪላንድ ካውንቲዎች ለአይስ እስረኛ እንዳይይዙ በህግ ስለከለከለች ከባልቲሞር ወደ ሌላ ስቴት ነው የሚወሰዱት። እዚህ ላይ ፍጥነት ወሳኝ ነው። በሜክሲኮ ድንበር የገቡ ሰዎች የኢሚግሬሽን ዳኛ ፊት ዋስ መጠየቅ አይችሉም ተብሎ በሴፕቴምበር 2025 ተወስኗል። ብዙ የፌዴራል ዳኞች በዚህ አልተስማሙምና ጠበቆች ሄቢየስ ኮርፐስ በሚባል፣ እስሩ ህገ ወጥ ነው በሚል አቤቱታ ሰዎችን እያስፈቱ ነው። አቤቱታው ግን የሚገባው በአብዛኛው ሰውየው ባለበት ቦታ ስለሆነ፣ ቴክሳስ ወይም ሉዊዚያና ሳይደርስ ጠበቃ መቅጠሩ ይሻላል።

አንዳንዶቻችሁ በውስጥ መስመር ስለ በር መክፈት ጠይቃችሁኛል። የቆየው ህግ ዳኛ ያልፈረመበት ማዘዣ ቤት ለመግባት አያስችልም ነው። አይስ የመጨረሻ የማስወጣት ትእዛዝ ያለበትን ሰው በራሱ ማዘዣ ቤት ገብቶ መያዝ ይቻላል የሚል የውስጥ መመሪያ እንዳለው በ2026 መጀመሪያ ላይ ወጥቷል። የቆየ ትእዛዝ ያለባችሁ ሰዎች ጠበቃ ለማየት ሌላ ቀን አትጠብቁ።

የሎርተኑ ወንድሜ፣ ጥያቄህ ጥሩ ነው። የፌዴራል ህግ የበላይ ነው፤ አይስም ፌርፋክስ ገብቶ ራሱ ሰው ሲይዝ ካውንቲው ሊከለክለው አይችልም። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ የከለከለው ሌላ ነገር ነው፦ የፌዴራል መንግስት የአካባቢ ፖሊስን ለራሱ ስራ በግዴታ ማሰማራት አይችልም። ይህ የተወሰነው በ1997 ነው። ከሳሾቹ የሞንታናና የአሪዞና ሸሪፎች ነበሩ። የጠመንጃ ገዢን ታሪክ እንዲያጣሩ የፌዴራል ህግ ሲያዛቸው «እኛ የዋሽንግተን ሰራተኞች አይደለንም» ብለው ከሰሱና ረቱ። ዛሬ ሞንጎመሪና ፌርፋክስ የቆሙት እነዚያ ሸሪፎች ባስገኙት መብት ላይ ነው። ጠመንጃ ወዳዱም ስደተኛ ወዳዱም የሚጠቀምበት አንድ ህግ ነው።

የዉድብሪጁ ልጄ፣ አማርኛህ በቂ ነው፣ ጻፍ። ቨርጂኒያ ውስጥ አብዛኞቹ የካውንቲ ቦርዶችና ሸሪፎች የሚመረጡት በኖቬምበር 2027 ነው። ሜሪላንድ ሸሪፎቿንና የካውንቲ መሪዎቿን የምትመርጠው በዚህ በ2026 ነው። ፓርቲዎች እጩአቸውን የሚለዩበት ምርጫ ከዚያ ይቀድማል፤ በብዙ ቦታ እውነተኛው ውድድር እሱ ነው። እጩ ሲመጣ ሦስት ነገር ጠይቀው። እስር ቤቱ ከአይስ ጋር 287ጂ ወይም ሌላ ውል አለው? ያለ ዳኛ ፊርማ ሰው ያቆያል? ሰው የሚለቀቅበትን ሰዓት ለአይስ ይነግራል? ይህች ሦስተኛዋ ትረሳለች። እስር ቤቱ ባያቆይም ሰዓቱን ከተናገረ አይስ በር ላይ ይጠብቃል።

አባትህ ግን እንዳይመርጥ፣ እንዳይመዘገብም። መንጃ ፈቃድ የሚሰጠው ቢሮ፣ ዲኤምቪ፣ ሲሄድ መራጭ ሆነህ ትመዘገባለህ ወይ ብለው ይጠይቁታል። እንግሊዝኛው ሳይገባው «የስ» ብሎ ዜጋ ነኝ የሚል ሳጥን ላይ ቢፈርም ወደፊት ዜግነት የማግኘት ዕድሉን የሚያሳጣ፣ ለዲፖርትም የሚያበቃ ጣጣ ነው። አብረኸው ሂድ። በአካባቢያችን ከተማው ለዜጋ ላልሆኑ ነዋሪዎች ድምጽ የፈቀደባት ታኮማ ፓርክ አለች። ከ1990ዎቹ ጀምሮ በራሷ የከተማ ምርጫ ብቻ ይመርጣሉ፤ መዝገቡም የተለየ ነው። እዚያ የምትኖሩ የኛ ሰዎች አላችሁ። በከተማው ቢሮ ጠይቃችሁ፣ ጠበቃም አማክራችሁ ወስኑ።

ወረቀት ለሌላቸው ነጂዎችም ላስታውስ። ቨርጂኒያ ከ2021 ጀምሮ የመንዳት ፈቃድ ካርድ ትሰጣለች፤ ከሌሎች ማስረጃዎች ጋር ታክስ መሙላታችሁን ማሳየት ያስፈልጋል። ሜሪላንድና ዲሲ ከ2014 ጀምሮ ተመሳሳይ አላቸው። ያለ ፈቃድ መንዳት ቨርጂኒያ ውስጥ ወንጀል ነው፤ ብዙ ሰው ለአሻራ የሚዳረገው በዚህ ነው።

መምረጥ የማትችሉ ደግሞ መናገር ትችላላችሁ። ካውንቲ ቦርድ ፊት ለመናገር ዜግነት አይጠየቅም። ወረቀታችሁ ስጋት ያለበት ከሆነ ግን ራሳችሁ አትውጡ፤ ስሙም ቪዲዮውም ይቀመጣልና ዜጋ የሆነ ልጃችሁ ወይም ጎረቤታችሁ ይናገርላችሁ። ቀደም ብሎ ስም ማስመዝገብ ያስፈልጋል፤ የሚሰጣችሁ ጥቂት ደቂቃ ነው። ሞንጎመሪ ሰነዶቹን ወደ አማርኛ ከሚያስተረጉም ካውንቲዎች አንዱ ነው። ዲሲም በ2004 ህጓ መሰረት በአማርኛ የማስተርጎም ግዴታ አለባት። ስትመዘገቡ አስተርጓሚ እፈልጋለሁ በሉ። የፌርፋክስ ነዋሪ ሆናችሁ ለበጀት ስብሰባው መናገር የምትፈልጉ ከሆነ የምትሉትን በአማርኛ ጽፋችሁ ላኩልኝ። ወደ እንግሊዝኛ እመልስላችኋለሁ፤ ከእናንተም ጋር እቀመጣለሁ።